የቆጠርኩላቸው አዲስ ዓመት

ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር በነበረው የማዳም ቤት በዓመት ሦስት ጊዜ «እንኳን አደረሰን» እንባባል ነበር። አንዱ የፈረንጆቹ ነው፤ እሱን ከተማው ሁሉ ስለሚያከብረው እኛም ከሰው ላለማነስ ያህል አንድ ኬክ ቆርሰን እናልፈዋለን። ሁለተኛው የእኔ እንቁጣጣሽ ነው። ሦስተኛው የእሳቸው ነው፤ የአይሁድ አዲስ ዓመት። ይኼኛው ቁርጥ ያለ ቀን የለውም፤ አንድ ዓመት ከመስቀል በፊት፣ ሌላ ዓመት ከመስቀል በኋላ ይመጣል። ያንን በዓል አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ሳይከበር ላሳልፈው ነበር። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ማዳም ጋ የገባሁት በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ልጆች እጠብቅ ነበር፤ ከቤቱ እመቤት ጋር በምላሴ ምክንያት ተለያየን። ምላሴ አርፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ የማውቀውን ነገር ካልተናገርኩ ያመኛል። ከማዳም ጋር ያገናኘችኝ ያገሬ ልጅ «እዚያ ቤት የሚጨቃጨቅሽ አታጪም» ብላኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ማዳም ያኔ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ሁልጊዜ ፀጉራቸውን በሻሽ የሚያስሩ ሴት። በመጋረጃ፣ በጨው፣ በዓሣ አመራረጥ፣ ባገኘነው ነገር ሁሉ እንከራከራለን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ባሕሩን እናያለን። ያን ሰዓት የሚያህል ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

የተወለዱት እዚያው ጅቡቲ ነው። ወላጆቻቸው ከየመን የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ። ማዳም ወጣት ሳሉ ወገኖቻቸው በመርከብ በመርከብ እየሆኑ ሄደው አለቁ፤ እሳቸው ከፈረንሳይ የመጣ አንድ የሃይማኖታቸውን ሰው አግብተው ቀሩ። ባላቸው ሞተው፣ አንድ ልጃቸው ማርሴይ ገብቶ፣ እኔ ስደርስ በእኛ እውቀት በከተማው ያንን በዓል የሚያከብር ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አማርኛ ይችሉ ነበር። በልጅነታቸው ሙቀቱ ሲብስ በባቡር ድሬዳዋ እየወጡ ይከርሙ ነበርና የተማሩት እዚያ ገበያ ውስጥ ነው፤ ቃል ሲጠፋቸው ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ ጣል ያደርጉበታል።

ወጥ ቤታችን የጾመኞች ወጥ ቤት ነበር። ማዳም ሥጋ አይበሉም፤ ወገኖቻቸው ከሄዱ ወዲህ በሕጋቸው የሚያርድላቸው ሰው የለም። ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ቅርፊት ያለው። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለብኝ። ጧት ቡናዬ ውስጥ በስህተት ወተት ልጨምር ስል «ዛሬ ረቡዕ ነው!» ብለው እጄን የሚይዙኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ቅርፊት የሌለው ዓሣ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ሲመጣ ሳልጠራቸው እመልሰዋለሁ።

የመጀመሪያውን መስከረም መቼም አልረሳውም። ፈረንሳዮቹ ከእረፍታቸው ይመለሳሉ፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ማዳም ደግሞ ቤቱን በሙሉ ገልብጠው ያጸዳሉ። «ዓመቱ ቆሻሻ ቤት አይገባም» ይላሉ። እኔም ለእንቁጣጣሽ ቤት ስላጸዳሁ ሁለት ጊዜ ነው የለፋሁት፤ ማጉረምረሜ አልቀረም። ማታ ላይ ገበታው ተዘረጋ። ቴምር፣ ሮማን፣ የተቀቀለ ዱባ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ በትንሽ ሳህን የተመታ አብሽ፣ ማር፣ መሐል ላይ ደግሞ ዓይኑ የፈጠጠ የዓሣ ራስ። ሳቄ መጣ። ማዳም ግን ቆጣ ብለው እያንዳንዱን አስረዱኝ። ሮማኑ መልካም ሥራችን እንደ ፍሬው እንዲበዛ ነው። ቴምሩ ክፉ የሚያስቡብን እንዲያልቁ። የዓሣው ራስ በመጪው ዓመት ራስ እንጂ ጅራት እንዳንሆን። «ለእኔም ይሠራል?» አልኳቸው። «ከበላሽው ይሠራል» አሉኝ፤ በላሁት።

በሁለተኛው ማታ ደግሞ በዚያ ዓመት ገና ያልተቀመሰ ፍሬ መቅመስ አለባቸው። ድሬዳዋ የሚመላለስ ሾፌር ጊሽጣ አምጥቶልኝ ሰጠኋቸው። እንደ ሕፃን ፍሬውን ከአፋቸው እየለቀሙ በሁለት እጃቸው በሉት፤ መጨረሻ የበሉት ድሬዳዋ ከእናታቸው ጋር እንደነበር ነገሩኝ።

በአሥረኛው ቀን ጾማቸው ነው፤ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ማግሥቱ ማታ እህል ውሃ የለም። በጅቡቲ ሙቀት! የጾሙ ዋዜማ ወጥ ቤት መጡና በሩ ላይ ቆመው «በዚህ ዓመት የጮኽኩብሽን ሁሉ ይቅር በይኝ» አሉ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰው ካስቀየሙት ሰው ጋር መታረቅ አለበት። እኔ በሰው ቤት ስሠራ ይቅርታ ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረምና የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ድስቱን ማሸት ቀጠልኩ። ከጾሙ በአምስተኛው ቀን ደግሞ በረንዳው ላይ በዘንባባ ቅጠል ዳስ እንሠራለን፤ ቅጠሉን እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አስራለሁ፣ እሳቸው ከታች «ከዋክብት ይታዩበት፣ አታድፍኚው» እያሉ ያዛሉ። ሳምንቱን እዚያ ዳስ ውስጥ ምሳ እንበላለን። አዲስ ዓመት፣ ጾም፣ ዳስ፤ መስቀል ደግሞ አንዳንዴ መሐላቸው ይገባል። በአገሬ ያልጠገብኩትን መስከረም እዚያ ቤት ጠገብኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በ1999 ዓ.ም. ክረምት ልጃቸው ከማርሴይ መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ማዳም መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበርና ይዟቸው ሊሄድ ነው የመጣው። በረንዳው ላይ ሁለት ቀን ተከራከሩ። በሁለተኛው ቀን ሎሚ ጭማቂ ይዤ ስገባ ማዳም ቆመው ነበር። «ይህን አዲስ ዓመት እዚህ ከተማ ውስጥ ሰባ ዓመት ሳላጎድል አክብሬዋለሁ። እናቴ ስትሞትም፣ አባትህ ሲሞትም አላጎደልኩም። ያጎደልኩ ዕለት ጭንቅላቴ ከእኔ ጋር የለም ማለት ነው፤ ያኔ መጥተህ ውሰደኝ» አሉት። እሱም «ቃልሽ ነው?» አለ። «ቃሌ ነው» አሉ። ተኮራርፈው ተለያዩ።

ችግሩ የመጣው በነሐሴ ነው። ልጃቸው በየዓመቱ የበዓላቱ ቀን የተጻፈባት ትንሽ የኪስ ካላንደር ይልክላቸው ነበር። በዚያ ዓመት አልላከም። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ስለ ጤና ብቻ አውርተው ይዘጋሉ። «ለምን ቀኑን አይጠይቁትም?» ስላቸው «እሱን? ቀኑ ጠፋብኝ ብዬ? ዛሬውኑ አውሮፕላን ይሳፈራል» አሉኝ። «አንቺም እንዳትጠይቂው» ብለው አስማሉኝ።

እኔስ ለምን እጠይቃለሁ! አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የባሕረ ሐሳብ ሰው። ወንድሞቼ ኳስ ሲያሳድዱ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ በጣቴ አንጓ የዘመን ቆጠራ ተምሬያለሁ። «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ሲባሉ «ለወንዶቹስ ምን አደረገላቸው?» ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የዓመቱን አጽዋማት የምታወጣው መጥቅዕ ከሚባል ቀን ተነስታ ነው። መጥቅዕ ደግሞ የአይሁድ የመለከት በዓል፣ የአዲስ ዓመታቸው ቀን ነው። ይህን ሳስታውስ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ማዳም፣ እኔ እቆጥርልዎታለሁ» አልኩ።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አፌን ሞልቼ አስረዳኋቸው። መጪው ዓመት በዓመተ ዓለም ሲቆጠር ሰባት ሺህ አምስት መቶ ነው፤ ያንን ለአሥራ ዘጠኝ አካፈልኩ፤ ወንበሩ አሥራ ሦስት፣ አበቅቴው ሃያ ሦስት፣ መጥቅዑ ሰባት። መጥቅዕ ከአሥራ አራት ሲያንስ ደግሞ የሚውለው በጥቅምት ነው። «ጥቅምት ሰባት ቀን ነው በዓልዎ» አልኩ።

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። «አምና መስከረም ሃያ አራት ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሦስት። ወደ ኋላ እየሄደ አይደለም እንዴ?»

«ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ አንድ ወር ይዘላል። ሕጉ ነው።»

«የአባትሽ ሕግ?»

«የአባቴ።»

ትንሽ አዩኝና «እንግዲያው ጥቅምት ሰባት ይሁን» አሉ። በዓሣ ዋጋ ግማሽ ቀን የሚከራከሩኝ ሴት እንዲህ በአንድ ቃል ሲረቱልኝ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እውቀቴ አፋቸውን ያስያዛቸው መስሎኝ ያን ቀን ስንጎራደድ ዋልኩ።

መስከረም አንድ ቀን 2000 ዓ.ም. ደረሰ። የእኛ ሚሌኒየም። በከተማው ያለን ኢትዮጵያውያን፣ ሹፌሩም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ወደብ የሚውለውም፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር አንድ ሰፊ ግቢ ተከራይተን ማታውን ልናከብር ሳምንት ሙሉ ስንዘጋጅ ከርመናል። እናቴ የላከችልኝን ጥልፍ ቀሚስ ለብሼ ተሽሞንሙኛለሁ። ማዳም ሽቷቸውን ከአንገቴ ነሰነሱልኝ። «ሂጂ፣ ሺህ ዓመት በየዓመቱ አይመጣም። እዚያው እደሪ» ብለውኝ ለቀትር እንቅልፋቸው ገቡ። ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሳ ስልኩ ጮኸ።

ልጃቸው ነው። ረቡዕ ደውሎ አያውቅም። በፈረንሳይኛው «መልካም አዲስ ዓመት» አለኝ። የእኛን ሚሌኒየም ማርሴይ ድረስ ሰምቶ ሊመርቀኝ የደወለ መሰለኝ፤ ልቤ ሞቀ። አመሰገንኩትና ምላሴ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ለእናትዎ ደግሞ ጥቅምት ሰባት ይደውሉላቸው። እኔ ራሴ ቆጥሬላቸዋለሁ» አልኩት።

«ቆጠርሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዛሬ ነው» አለ። «ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚገባው። እናቴ አታውቅም?»

ክው አልኩ። «ተኝተዋል» ብቻ አልኩት።

«አትቀስቅሻት። አትንገሪያት። ልቧ ደካማ ነው፣ ትደነግጣለች። እሑድ እኔ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ከዚያ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቃሏ ነው» አለ። ድምፁ የደስታ አልነበረም፤ ይልቅ እንደ ፈራ ሰው ነበር። እኔ ግን ያኔ ያንን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ስልኩን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ አፈሩብኝ፤ እኔም በአባቴ አፈርኩ። የቤተ ክርስቲያን ቆጠራና የአይሁድ ቆጠራ በዘመን ብዛት እንደተራራቁ የተረዳሁት ኋላ ከአንድ ቄስ ጠይቄ ነው፤ ያኔ ግን አባቴ ራሳቸው የዋሹኝ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ማዳም በእኔ ጉራ የተነሳ የተወለዱበትን ከተማ ሊያጡ ነው። የእኔንም ልናገር፤ ያ ቤት የእኔም ቤት ነበር። ባሕር የምታይ ጠባብ ክፍሌ፣ በረንዳው፣ ጭቅጭቃችን። ማዳም ከሄዱ እኔስ የት ነኝ? ሰዓቱን አየሁ። ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ገና አላለፈም አልኩ።

እግሬ አውጭኝ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ አግኝቼ መሐል ከተማ ስወርድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ ጫት ከገባ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት የሚከፍት የለም። በጥልፍ ቀሚሴ አንድ የየመን ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ በሩን ደበደብኩ። ሰውየው ጉንጩን ወጥሮ ወጣ። «ሐበሺያ፣ ምን ሆንሽ?» «ሮማንና ቴምር ስጠኝ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አልኩት። ቴምሩ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል፤ በማግሥቱ ረመዳን ሊገባ ስለነበር ከተማው ሁሉ በቴምር ተጥለቅልቋል። ሮማኑን ከጓዳ አወጣልኝ። «ለኢፍጣር ነው?» አለኝ። ለማስረዳት ጊዜ ስላልነበረኝ አዎ አልኩት።

ባሮ ሽንኩርት ፈረንሳዮች የሚገዙበት ሱቅ አገኘሁ። ዱባውና ቆስጣው ከአንዲት ሴት ጉሊት። ለዓሣው ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ድረስ ወረድኩ። ዓሣ አጥማጁ ሶማሌ ነጭ ቀሚሴን አይቶ ሳቀብኝ። «ሰርግ አለሽ እንዴ?» አለኝ። ዓሣውን ስቀበለው ከነደሙ ጥልፌ ላይ አረፈ። ስመለስ ታክሲው በካርቲየ 2 በኩል አለፈ፤ ከግቢያችን ከበሮ ይሰማኛል፣ የማውቃት ልጅ በር ላይ ቆማ አየችኝና እጇን አወዛወዘች። ሾፌሩን ቁም አላልኩትም። ሆድ ግን ባሰኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ በአንድ ጊዜ ሦስት ምድጃ ለኮስኩ። ረቡዕ ስለሆነ ዓሣውን መቅመስ አልችልም፤ እኔ ዓሣም እጾማለሁ። ጨውን በግምት ጣልኩ። አብሹን መታሁ። ሮማኑን ስፈለፍል የቀሚሴ የቀረው ቦታ በሙሉ ቀላ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነጩን የገበታ ልብስ አንጥፌ፣ ሻማዎቹን አቁሜ፣ የዓሣውን ራስ መሐል አስቀምጬ ጨረስኩ።

ማዳም በቤት ልብሳቸው፣ ሻሻቸው ወደ ጎን እንደተንሸራተተ ወጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ገበታውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ቀሚሴን አዩ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቶቻችን ሰገነት ላይ ወጥተው የረመዳንን ጨረቃ ይፈልጋሉ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ልጅዎ ደውሎ። አትንገሪያት ብሎኝ ነበር። ገና ነው ማዳም፣ ፀሐይዋ አልጠለቀችም፣ ደርሰንበታል።»

ተመልሰው ክፍላቸው ገቡ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡና ሻማዎቹን አበሩ። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲጸልዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በደስታ ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ። ዓሣው ጨው በዝቶበት ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን በጨው አልተከራከሩኝም።

ሐሙስና ዓርብ በዓሉ ዋለ። ማዳም ከጸሎት መጽሐፋቸው ቀና አላሉም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ እኔ ድል ያደረገ ሰው ሆኜ «ነገ ሲደውል ሁሉንም ይንገሩት። አላጎደልኩም ይበሉት። እንግዲህ ለከርሞ ይሞክር» አልኩ።

ማዳም ባሕሩን እያዩ «ልጄ፣ አንቺ ጥቅምት ሰባት ስትይ ስህተት መሆኑን ያኔውኑ አውቄአለሁ» አሉኝ።

አልገባኝም።

«የእኛ አዲስ ዓመት ጨረቃ ስትወለድ ነው። ያንቺ ጥቅምት ሰባት ጨረቃዋ ግማሽ ሆና ነው የሚውለው። ደግሞስ ካቻምናም አምናም ጎረቤቶቼ ረመዳንን ሲይዙ እኔ ዓመቴን ስጀምር አላየሽም? አብረን ነው የጀመርነው።»

እውነት ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ዓይኔ ሥር ነበር። በእርሻዬ መሐል ቆሜ እርሻዬን እንደምፈልግ ሆኜ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደክሞኛል» አሉ። «መታጠቢያ ቤት የወደቅኩ ጊዜ አንቺ ከገበያ እስክትመጪ ወለሉ ላይ ተኝቼ ልጄን ነበር የምጣራው፤ ማርሴይ ያለውን። ሲመጣ ግን አልሄድም አልኩት። ሁሉም ሲሄዱ እኔ እቀራለሁ ያልኩ ሴት ነኝ፤ ናና ውሰደኝ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ያንቺ ቁጥር ሲመጣ እግዜር መንገድ ከፈተልኝ ብዬ ነበር። አንቺ በዓልሽ ላይ ትሆኛለሽ፣ እኔ ክፍሌን ዘግቼ ሻማዬን ብቻዬን አበራለሁ፣ እሑድ ልጄ ሲነግረኝ ረሳሁት እለዋለሁ። ቃሌን እጠብቃለሁ። ማንም አልተሸነፈም።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ካርቲየ 2 ጥዬው የመጣሁት ሚሌኒየም፣ የእናቴ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ሩጫ! ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁና በማያስፈልግ ድምፅ አጠብኳቸው። እያጠብኩ ሳለ ግን አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ያንን ገበታ የዘረጋሁት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። እንዳይሄዱብኝ ነው። ያቺን ባሕር የምታይ ክፍል ይዤ ለመቆየት፣ አንዲት የደከማቸው አሮጊት ሴት ከልጃቸው እንዲርቁ ነበር የምሮጠው። ሳህኑን አስቀምጬ ብዙ አለቀስኩ።

እሑድ ስልኩ ሲጮህ ማዳም ከሶፋው ተነሱ፤ እኔ ግን ቀድሜያቸው አነሳሁት።

«አልነገርሻትም አይደል?» አለ ልጃቸው።

«አልነገርኳቸውም።»

«በዓሉ አለፋት?»

ማዳም ፊት ለፊቴ ቆመዋል። እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይዟል። እኔ ሐሰት ስናገር ጆሮዬ ይቀላል፤ ደግነቱ ስልክ አያሳይም። «አለፋቸው ሙሲዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አውቃለሁ ብዬ አሳሳትኳቸው» አልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው።

ማዳም ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ «እንግዲያው ና» አሉት። ስልኩን ከዘጉ በኋላም እጃቸው ላይ ይዘውት ቆዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እረፍት ከዚያ በፊት በሁለቱ ዓመት አይቼው አላውቅም ነበር።

ልጃቸው ለዳሱ በዓል ደረሰ። ቅጠሉን እሱ ወንበር ላይ ቆሞ አሰረ፣ እሳቸው ከታች አዘዙት፣ እኔ ምሳ አቀረብኩ። እናትና ልጅ ዳሱ ውስጥ ሲበሉ ሳቃቸው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። ሁለቱም እውነት ነው።

የሚሄዱ ዕለት ጧት ሻንጣቸውን ሦስታችን አብረን እንሞላ ነበር። ልጃቸው ከመጣ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ብዙም አናግሮኝ አያውቅም። ያን ጧት የእናቱን የጸሎት መጽሐፍ በፎጣ እየጠቀለለ፣ ሳይጮህ፣ በጨዋ አነጋገር «አልፈርድብሽም። ግን ሰው የማያውቀውን ነገር አላውቅም ቢል ይሻላል። እናቴ በሕይወቷ አንድ በዓል ጎደለባት፤ ያም በዚህች ከተማ የመጨረሻው አዲስ ዓመቷ ነው» አለኝ።

የአባቴ ልጅ ነኝ። አላውቅም ማለት ከሞት ይከብደኛል፤ ያወቅኩትን አለመናገር ደግሞ ከዚያ ይብስብኛል። ማዳም ሻሻቸውን ማጠፍ አቆሙ። ቀና ብለው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምንና ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩላቸው።

«ልክ ነዎት ሙሲዬ» አልኩና ሻንጣውን ዘጋሁለት።